አስም የያዘው መካኒክና ትንሿ ካሜራ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መንገዱ ገና ሰላም ሳለ፣ ከደብረ ማርቆስ ተነስቼ ደብረ ኤልያስ ሄጄ ነበር። ደብረ ኤልያስ በምሥራቅ ጎጃም ስማቸው ከሚጠራ የአብነት ትምህርት ቦታዎች አንዱ ነው። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ደብሮች መካከል ከደብረ ወርቅና ከዲማ ጊዮርጊስ ጋር አብሮ ይነሳል። እኔ ግን ለቅኔ አልሄድኩም፤ ዕድሜዬም አይፈቅድም። የሄድኩት አንድ የቅኔ መምህር ሳያልፉ ፎቶግራፋቸው እንዲቀር ደቀ መዛሙርታቸው ስለፈለጉ ነበር። ካሜራ እንደምወድ የሚያውቅ አንድ ወዳጄ ነገሩን ለእኔ ጣለብኝ።

ካሜራዬ ላይ የገጠምኩት በሰው አስልኬ የገዛሁትን አዲስ ማኑዋል ሌንስ ነበር። ማኑዋል ሌንስ ሞተር የለውም። ምስሉን የሚያጠራው የሰው እጅ ነው፤ በሌንሱ ዙሪያ ያለውን ቀለበት ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያዞሩ ቅርቡንም ሩቁንም ይለያሉ። የእኔው ቀለበት ግን አልዞር አለኝ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የኔታ ከጎጇቸው ደጃፍ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል፤ ተማሪው ዙሪያቸውን ከቧል። አንዱ ተማሪ ቅኔውን ሲቀኝ እሳቸው ቀና ብለው ፈገግ አሉ። ያችን ቅጽበት ለመያዝ ቀለበቱን ጠበቅ አድርጌ ሳዞር ካሜራው ራሱ አብሮ ዞረ። ምስሉ ሲጠራ ፈገግታው አልፏል። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንዲሁ ሆነ።

ሕግ ያጠና ሰው ሲናደድ የመጀመሪያ ሐሳቡ ውል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያዛል፤ ገዢውም ዕቃውን ቶሎ እንዲመረምር፣ ጉድለት ቢያገኝ ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ይጠብቅበታል። እዚያው ቆሜ ለሻጩ የምጽፈውን ደብዳቤ በልቤ አረቅኩ። የኔታ ግን መቸገሬን አይተው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ዕቃው አዲስ እንደሆነ፣ ስለዚህም እንደሚጠጥር ነገርኳቸው። ከበሮም አዲስ ቆዳ ሲለብስ መጀመሪያ እንደማይታዘዝ፣ እየተመታ እንደሚገራ አጫወቱኝና እስኪገራ እንጠብቅሃለን አሉኝ። አፈርኩ። ካሜራዬን ጋቢ ውስጥ አስገብቼ እያሞቅሁ፣ ቀለበቱን ከዳር እስከ ዳር ደጋግሜ እያዞርኩ ጠበቅሁ። ፎቶው በመጨረሻ ተነሳ።

ይህች ትንሽ ነገር አንድ ጥያቄ አስከትላ ወደ አዲስ አበባ መለሰችኝ። አዲስ ነገር እምቢ ሲለን ጉድለት ነው የምንለው መቼ ነው? አዲስነት ነው ብለን የምንታገሠውስ መቼ ነው? ጥያቄውን ይዤ ካሜራን በሰው መዳፍ ውስጥ እንዲገባ ወዳደረገው ሰው ታሪክ ሄድኩ። ስሙ ኦስካር ባርናክ ይባላል። ሕይወቱን ሳነብ ለጥያቄዬ ከሕግ መጽሐፍ የተሻለ መልስ አገኘሁበት።

ባርናክ እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 1879 በጀርመን ብራንደንቡርግ፣ ሊኖቭ በምትባል መንደር ተወለደ። ቤተሰቡ በኋላ ወደ በርሊን አጠገብ ወደ ሊሽተርፌልደ ተዛወረ። ልጁ ሥዕል ይወድ ነበር፤ ምኞቱም የመልክዓ ምድር ሠዓሊ መሆን ነበር። ወላጆች ግን በየትም አገር ወላጆች ናቸው፤ እንጀራ የሚያበላ ሙያ ይሻላል ተባለና የሥነ ፈለክ መሣሪያዎች የሚሠራ ባለሙያ ዘንድ ለሙያ ትምህርት ገባ። እዚያ ናስ መቁረጥን፣ ጥርስ ማውጣትን፣ ከፀጉር የቀጠነ ልዩነት በእጅ መለየትን ተማረ። ሠዓሊው በውስጡ አልሞተም፤ ነገር ግን ዓይኑ ከእጁ ጋር መሥራትን ለመደ።

በዚያ ዘመን የጀርመን የእጅ ባለሙያ ትምህርቱን ሲጨርስ አንድ ቦታ አይቀመጥም ነበር። መሣሪያውን ይዞ ከከተማ ከተማ፣ ከጌታ ጌታ እየዞረ ይሠራል፤ ከእያንዳንዱ አንድ ነገር ይቀስማል። የጎጃም አንባቢ ይህን ሥርዓት ለመረዳት አይቸገርም። የእኛው የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ ከዋሸራ ጎንጅ፣ ከጎንጅ ደብረ ኤልያስ የሚዞረው ለዚሁ ነው። ባርናክም በሳክሶኒ፣ በቪየናና በቲሮል ዞሮ ሠራ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በጥር 1902 የና ከተማ በሚገኘው የካርል ዛይስ ፋብሪካ ተቀጠረ።

ዛይስ በወቅቱ ተራ ፋብሪካ አልነበረም። የፊዚክስ ሊቁ ኤርንስት አቤ ድርጅቱን የግለሰብ ሀብት ከመሆን አውጥቶ ለፋውንዴሽን አስተላልፎት፣ እ.ኤ.አ. በ1896 ባወጣለት መተዳደሪያ ደንብ ለሠራተኛው ክፍያ ያለው ዕረፍትና ጡረታ አስገብቶለት ነበር። ከ1900 ጀምሮም የሥራ ቀኑ ስምንት ሰዓት ሆነ። ይህ አብዛኛው የአውሮፓ ሠራተኛ ገና የሚያልመው ነገር ነበር። ወጣቱ መካኒክ በዚህ ቦታ ትዳር መሠረተ፤ ሁለት ልጆችም ወለደ። ሠራተኛው ሥራውን ጨርሶ ቀሪውን ጊዜ የራሱ የሚያደርግበት ፋብሪካ ነውና እሁድ እሁድ ወደ ቱሪንጊያ ደን እየወጣ ፎቶ ማንሳት ያዘ።

ችግሩ ሳንባው ነበር። ባርናክ የአስም በሽተኛ ነው። የዘመኑ ካሜራ ደግሞ ለጤነኛም የሚከብድ ነበር። ምስሉ የሚያርፈው 13 በ18 ሴንቲ ሜትር በሆነ የመስተዋት ሰሌዳ ላይ ነው። ካሜራው የእንጨት ሣጥን ነው፤ ሰሌዳዎቹ በማቀፊያቸው እያንዳንዳቸው ይመዝናሉ፤ ሦስት እግር ያለው መቆሚያም አለ። ይህን ሁሉ በቆዳ ሻንጣ ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ ትንፋሹ ያጥረዋል። ሌላው ሰው ቢሆን ፎቶ ማንሳቱን ይተወው ነበር፤ ወይም ረዳት ይቀጥር ነበር። ባርናክ ግን ሌላ ነገር አሰበ፦ ትልቁን ሰሌዳ ተሸክሞ ከመውጣት ትንሽ ኔጋቲቭ ይዞ ወጥቶ ቤት ሲገቡ ማሳደግ ለምን አይቻልም?

እ.ኤ.አ. በ1905 አካባቢ ሞከረው። በአንድ ሰሌዳ ላይ ሌንሱን እያንቀሳቀሰ ብዙ ትንንሽ ምስሎችን አነሳ። ሲያሳድጋቸው ግን ምስሉ አሸዋ የተበተነበት መሰለ። የሰሌዳው ኬሚካል ቅንጣት ለትልቅ ምስል እንጂ ለትንሽ የተዘጋጀ አልነበረም። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ጊዜው ግን አልደረሰም። ባርናክ ሐሳቡን አልጣለውም፤ አቆየው።

እ.ኤ.አ. በ1910 ኤሚል ሜኻው የሚባል የቀድሞ የሥራ ባልደረባው ከቬትስላር ከተማ ጥሪ አስላከለት። ሜኻው በዚያ በሚገኘው በኤርንስት ላይትስ የማይክሮስኮፕ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ባርናክ ለመቀበል አመነታ፤ ምክንያቱንም አልደበቀም። በሽተኛ እንደሆነና ከሥራ ብዙ ጊዜ ሊቀር እንደሚችል ለቀጣሪው አሳወቀ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ማመልከቻ ስንት ጠረጴዛ ያልፍ እንደነበር መገመት ይቻላል። ላይትስ ግን ተቀበለው። በጥር 1911 ሥራ ጀመረና የምርምርና ሙከራ ክፍሉ ኃላፊ ሆነ። በሠራተኛ ቅጥር ታሪክ እንዲህ የከፈለ ውሳኔ ብዙ አይገኝም።

ቬትስላር ላይ ሜኻው በሲኒማ ማሳያ መሣሪያ ይደክም ነበር፤ ባርናክም በሲኒማ ፊልም ተነደፈ። የሲኒማ ፊልም በሁለት ዳር የተበሳ፣ 35 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጥቅል ነው። ቅንጣቱ ከመስተዋት ሰሌዳው የደቀቀ ነበር። የናው ሐሳብ ተመልሶ መጣ። የሲኒማ ፊልም አንዱ ምስል 18 በ24 ሚሊ ሜትር ነው፤ ባርናክ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ 24 በ36 አደረገው። ዛሬ ሙሉ ፍሬም የሚባለው የዲጂታል ካሜራ መለኪያ እስካሁን ይኸው ነው። በስፋት ሲሰላ ከ13 በ18ቱ ሰሌዳ 27 ጊዜ ያህል ያንሳል። ሸክሙ የቀነሰው በዚያው ልክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1913 እና በ1914 መካከል የመጀመሪያዋን ካሜራ በብረት ሠራ። ኪስ ውስጥ ትገባለች። ፊልሙን የሚጠቀልለው ቁልፍ መጋረጃውንም አብሮ ያጠምዳል፤ ስለዚህ ሰው ረስቶ አንድ ምስል ላይ ሌላ አይደርብም። ፋብሪካው ግን ገና ካሜራ አምራች አልሆነም፤ ይህች የአንድ ሠራተኛ የግል ሙከራ ነበረች። የባለቤቱ ልጅ ኤርንስት ላይትስ ዳግማዊ በ1914 ወደ ኒው ዮርክ ሲሄድ አንዷን ይዞ ሄደ። ባርናክ ራሱ በዚያው ዓመት ነሐሴ የክተት አዋጁ ሲለጠፍ በቬትስላር አደባባይ ያለውን ሕዝብ አነሳ። በ1920 ከተማዋን ጎርፍ ሲያጥለቀልቃት በጎዳናው እየተዘዋወረ ቀረጸ። እነዚህ ሥዕሎች ዛሬም አሉ። ለማየት የሚመጣ ሰው አልተሰለፈም፤ መቆሚያ አልተተከለም፤ ነገሩ ሲሆን በሆነበት ተያዘ። የዜና ፎቶግራፍ እንግዲህ እዚያ ላይ ተፀነሰ ማለት ይቻላል።

ጦርነቱ ሁሉንም አቆመ። ሰላም ሲመጣ ደግሞ ከሰላም የማይሻል ሰላም መጣ። በኅዳር 1923 አንድ ዶላር 4.2 ትሪሊዮን ማርክ ይመነዘር ነበር። ሠራተኛ ደመወዙን በከረጢት ተሸክሞ ዳቦ ቤት ይሮጣል። በዚህ ዓመት የላይትስ ፋብሪካ የባርናክን ካሜራ ለሙከራ በትንሽ ቁጥር፣ 25 ገደማ፣ ሠራ። ዜሮ ተከታታይ የሚባሉት ናቸው። ለባለሙያዎች ተሰጡና አስተያየት ተጠየቀ። የተገኘው መልስ የሚያበረታታ አልነበረም። ትልቅ ካሜራ የለመዱ ባለሙያዎች መጫወቻ ነው አሉ፤ ኔጋቲቩም ጥፍር የሚያክል መሰላቸው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን የባርናክን አያያዝ እንመልከት። ከተሰጠው ትችት አንዱ እውነተኛ ጉድለት ነበር። የዜሮ ተከታታዮቹ መጋረጃ ፊልም ሲጠቀለል ክፍት ሆኖ ይመለስ ስለነበር ብርሃን ይገባል፤ ፎቶ አንሺው በየምስሉ መካከል ሌንሱን በክዳን መሸፈን ነበረበት። ይህን ባርናክ አልተከራከረም፤ ካሜራዋ ገበያ ከመውጣቷ በፊት መጋረጃው ራሱን እየሸፈነ እንዲመለስ አደረገ። ሌላው ትችት፣ ማለትም ትንሽ ናት የሚለው፣ ጉድለት አልነበረም። ተቺው ያልለመደው ነገር ነው። ይህን ደግሞ ባርናክ አልነካውም። አንዱን አርሞ ሌላውን መተው፣ ሁለቱን መለየት መቻል፣ የዚህ ሰው ትልቁ ዕውቀት ይመስለኛል።

አንድ ነገር ግን ብቻውን ሊወጣው አይችልም ነበር፤ ሌንሱን። ትንሽ ኔጋቲቭ ትልቅ ሆኖ ሲታተም እንዳይደበዝዝ ሌንሱ ከዚያ በፊት ከነበሩት በላቀ ሁኔታ ጥርት ያለ መሆን አለበት። ይህን የሠራው የፋብሪካው የኦፕቲክስ ሊቅ ማክስ ቤሬክ ነው። የቤሬክ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ በኋላ ኤልማር የተባለው፣ በጠመዝማዛ ጥርስ ላይ ተቀምጦ እየዞረ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል። አንባቢ ሒሳቡን ይመልከት። 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከሩቅ ተራራ ወደ አንድ ሜትር ርቀት ሲመለስ የሚንቀሳቀሰው 2.6 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የሰው ፊት ጥርት ብሎ መውጣቱም ደብዝዞ መቅረቱም በዚህች የጤፍ ፍሬ ጥቂት እጥፍ በምታክል ጉዞ ውስጥ ይወሰናል። ጥርሱ ልል ከሆነ ሌንሱ ይወዛወዛል፤ ጥብቅ ከሆነ አይዞርም። በመካከላቸው ያለው ሽማግሌ ግሪሱ ነው።

ማኑዋል ሌንስ አዲስ ሳለ ለምን እንደሚጠጥር የሚገባንም እዚህ ላይ ነው። ፋብሪካው ወፈር ያለ ግሪስ የሚቀባው ቀለበቱ በራሱ እንዳይንሸራተት፣ ጣት በለቀቀው ቦታ እንዲቆም ብሎ ነው። አዲስ ሲሆን ግሪሱ በጥርሶቹ መካከል እኩል አልተዳረሰም፤ ብርድ ደግሞ ያወፍረዋል። ከዳር እስከ ዳር ደጋግሞ ማዞርና ብርድ ሲሆን ማሞቅ አብዛኛውን ጊዜ ያለዝበዋል። ጥጥሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ከሆነ አዲስነት ነው ተብሎ ይታገሡታል። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ የሚይዝ፣ አሸዋ እንዳለበት የሚንኳኳ ወይም ቀለበቱ ዞሮ ሌንሱ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ግን ጉድለት ነውና ጊዜው ሳያልፍ ለሻጭ ማሳወቅ ይገባል። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ማንጠባጠብ ግን ከሁሉ የከፋ ነው። ዘይቱ ሰርጎ የብርሃን መክፈቻዎቹ ስስ ቅጠሎች ላይ ይደርሳል፤ ያኔ ጉድለቱን የፈጠረው ገዢው ራሱ ይሆናል።

ወደ ባርናክ እንመለስ። በሰኔ 1924 ላይትስ ዳግማዊ ሹማምንቱን ሰብስቦ ረጅም ስብሰባ ተደረገ። የሚበዙት ፈሩ። አገሪቱ ገና ከዋጋ ንረቱ እያገገመች ነው፤ ፋብሪካው የሚያውቀው ማይክሮስኮፕ ነው፤ ባለሙያዎቹም ካሜራዋን አልወደዷትም። ላይትስ ሁሉንም አዳምጦ ሲያበቃ የባርናክ ካሜራ እንድትሠራ ወሰነ። ከውሳኔው ጀርባ የገበያ ጥናት አልነበረም፤ በአንድ በሽተኛ ሠራተኛ እጅ ላይ የነበረ እምነት ነው። ካሜራዋ በ1925 በላይፕሲግ የጸደይ ዐውደ ርእይ ለሕዝብ ቀረበች። ስሟ ላይካ ሆነ።

ስሙን ልብ እንበል። ላይካ ማለት የላይትስ ካሜራ ማለት ነው፤ ሁለቱ ቃላት ተቆርጠው ተቀጠሉ። የባርናክ ስም የለበትም። የሕግ ሰው እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቸግረዋል። በቅጥር ሥራ ላይ የተገኘ ፈጠራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ መብቱ የአሠሪው ነው፤ የእኛም የ1987ቱ የፈጠራ አዋጅ ቁጥር 123 የተከተለው ይህንኑ መርህ ነው። መርሁ ምክንያት አለው። መሣሪያውን፣ ደመወዙንና ኪሳራውን የተሸከመው አሠሪው ነው። ነገር ግን ሕጉ ስለ መብት እንጂ ስለ ምስጋና አይናገርም። ምስጋናውን ሕግ የማያዘው፣ ሰው የሚፈልገው ነገር አድርገን ትተነዋል። በየመሥሪያ ቤታችን ሠራተኛው ያፈለቀው ሐሳብ የአለቃ ስም ይዞ ሲወጣ የምናየው፣ አንዳንዴም ሠራተኛው ሁለተኛ ሐሳብ ማፍለቁን የሚያቆመው በዚህ ክፍተት ነው።

ባርናክ ግን አላቆመም። በ1930 ሌንሷ የሚፈታና የሚቀየር ሆነ። በ1932 ደግሞ የርቀት መለኪያው ከሌንሱ ጋር ተያያዘ። እስከዚያ ድረስ ፎቶ አንሺው ርቀቱን በዓይን ገምቶ ወይም በተለየ መሣሪያ ለክቶ በቀለበቱ ላይ ያስቀምጥ ነበር። አሁን በትንሿ መስኮት ውስጥ ሁለት ሆኖ የሚታየው ምስል ቀለበቱን ሲያዞሩ አንድ ይሆናል፤ አንድ ሲሆን ጠርቷል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ሲሠራ ሳንባው እየደከመ ነበር።

ኦስካር ባርናክ እ.ኤ.አ. ጥር 16 ቀን 1936 ባድ ናውሃይም በሚባል ከተማ በሳንባ ምች ሞተ። ዕድሜው 56 ነበር። በእኛ አቆጣጠር ጥር 7 ቀን 1928 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ የጥር ሥላሴ ዕለት። ያን ዕለት አገራችን በጦርነት ላይ ነበረች። የጎጃም ሠራዊት በራስ እምሩ መሪነት ሽሬ ግንባር ነበር፤ የደብረ ኤልያሱ ተማሪ ሐዲስ ዓለማየሁም አብረው ዘምተዋል። በኋላ ከራስ እምሩ ጋር ተማርከው በጣሊያን ደሴቶች ዓመታት ታስረዋል።

የባርናክ ካሜራ ግን ከዚያ በፊት ኢትዮጵያ ገብታ ነበር። አልፍሬድ አይዘንስታት የተባለው ጀርመናዊ አይሁዳዊ ፎቶ አንሺ በ1935፣ ወረራው ከመጀመሩ በፊት፣ ላይካውን ይዞ ወደ አገራችን መጣ። ካነሳቸው ብዙ ሥዕሎች አንዱ በዓለም ላይ እስከዛሬ ይታያል። የኢትዮጵያ ወታደር እግር ነው። ባቱ በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ እግሩ ባዶ ነው፤ ጭቃ የለመደ፣ ተረከዙ የተሰነጠቀ እግር ነው። የሊግ ኦፍ ኔሽንስ ንግግር ያላስረዳውን ያ ሥዕል ያስረዳል። የማን ጦር ከማን ጋር ሊዋጋ እንደተዘጋጀ ያየ ሰው ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ይህ ሥዕል በቱሪንጊያ ደን ዳገት ላይ ትንፋሽ ላጠረው ሰው ዕዳ አለበት። በሦስት እግር ላይ የተተከለ የእንጨት ካሜራ እግር አያነሳም፤ የሚያነሳው ሰልፍ ነው። ሰልፍ የሚያዘው ደግሞ ባለሥልጣን ነው። ከባርናክ በፊት በአገራችን የተነሱትን ሥዕሎች ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ነገሥታቱ ዙፋን ላይ፣ መኳንንቱ ካባ ለብሰው፣ ሁሉም ወደ ሣጥኑ እያዩ ቆመዋል። ትንሿ ካሜራ ስትመጣ ያልተዘጋጀው ሰው፣ ያልታዘዘው ፊት፣ ጫማ የሌለው እግር ወደ ታሪክ ገባ። እንግዲህ አንድ ሰው በአስሙ ምክንያት ሸክም አቅልሎ፣ ሳያስበው ታሪክን ከሹማምንት ደጅ አውጥቶ ሜዳ ላይ አዋለው።

የባርናክ ስም ከምርቱ ላይ ባይጻፍም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። በተወለደ 100 ዓመቱ በስሙ ዓለም አቀፍ የፎቶግራፍ ሽልማት ተቋቁሟል። ከሁሉ የሚደንቀው ግን ሌላ ነው። ከእነዚያ መጫወቻ ከተባሉት የ1923 ካሜራዎች አንዷ፣ ቁጥር 105፣ የራሱ የባርናክ የግል ካሜራ ነበረች። በ2022 ቬትስላር ላይ በጨረታ ቀረበችና 14.4 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠች። በዓለም እስካሁን እንዲህ የከበረ ዋጋ ያወጣ ካሜራ አልነበረም። መመልከቻዋ ላይ የባለቤቷ ስም ተቀርጿል፤ የላይትስ ሳይሆን የባርናክ። ጊዜ አንዳንዴ ሕግ የዘለለውን ይሞላል፤ ባለጉዳዩ ከሞተ ከ86 ዓመት በኋላም ቢሆን።

የባርናክን ታሪክ ጨርሼ ስነሳ ያንን ደብዳቤ ለሻጩ አልጻፍኩም። ሌንሱን መረመርኩት፤ ጥጥሩ ከዳር እስከ ዳር እኩል ነበር። ዛሬ ቀለበቱ በሁለት ጣት ይዞራል፤ ባቆምኩት ይቆማል። የገራው ጊዜ ብቻ አይደለም፤ በየቀኑ መነካቱ ነው። ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ አዲስ ሌንስ ከዓመት በኋላም ያው አዲስ ነው፤ ይባስ ብሎ ግሪሱ ይደርቃል።

እኛ በየጊዜው ብዙ አዲስ ነገር እናወጣለን። አዲስ አዋጅ፣ አዲስ መመሪያ፣ አዲስ ተቋም፣ አዲስ አሠራር። በመጀመሪያው ወር ሲጠጥርብን ሁለት ነገር እናደርጋለን፤ ወይ ጉድለት ነው ብለን እንጥለዋለን፣ ወይ ደግሞ እውነተኛውን ጉድለት አዲስ ስለሆነ ነው እያልን ዓመታት እንታገሠዋለን። የመጀመሪያው ትንሿን ካሜራ መጫወቻ ናት ብሎ መመለስ ነው። ሁለተኛው ብርሃን የሚያስገባውን መጋረጃ ሳያርሙ ለገበያ ማውጣት ነው። ባርናክ ሁለቱንም አላደረገም።

የኔታ ከዚያ ወዲህ አርፈዋል። ፎቶግራፋቸው በደቀ መዛሙርታቸው ዘንድ አለ። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ቀና ብለው፣ እንደ መጀመሪያዋ ባይሆንም ፈገግ ብለዋል። የመጀመሪያዋ ፈገግታ በእኔ ችኮላና በግሪሱ ብርድ መካከል ጠፍታለች። ሁለተኛዋ የተገኘችው እሳቸው እስኪገራ ለመጠበቅ ስለፈቀዱ ነው።